የጠርሙሱ ጀርባ፦ ስለ ኬራቲን አንድ ጥያቄ ጠይቄ የመጣልኝ መልስ

የኢንተርኔት ውይይቱን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጥያቄዬም አጭር ነበር፤ ኬራቲን ስሠራ ዓይኔ ለምን ያለቅሳል የሚል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቅዳሜ ፀጉሬን ኬራቲን ላሠራ፣ ማለትም በፈሳሽና በሙቀት ቀጥ ላስደርግ፣ ፀጉር ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ታጠብኩ። ፀጉር ሠሪዋ ፈሳሹን በብሩሽ እየቀባች በማበጠሪያ ሳበችው፤ በፎንም አደረቀችው። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርኩ። ፔስትራው (ፀጉር የሚተኮስበት የጋለ ብረት) ሲጀምር ግን ከእያንዳንዱ ዘለላ ላይ ነጭ ጭስ ብድግ ማለት ጀመረ። አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ጉሮሮዬን ከረከረኝ። ከጎኔ ቆማ ዘለላ እየለየች የምታቀብለው ረዳት ፊቷን ወደ ትከሻዋ አዙራ ትስላለች። የለመደችው ሳል መሆኑ ያስታውቃል፤ እጇ ሥራውን አላቆመም። ጠርሙሱ መስታወቱ ሥር ቆሟል። ፊቱ ላይ በትልቁ ከፎርማልዲሃይድ ነጻ ይላል።

ቤት ገብቼ ይህንኑ ጻፍኩት። ነጻ ከሆነ ያስለቀሰኝ ምንድን ነው? በየሦስትና በየአራት ወሩ ስደጋግመውስ ምን ያመጣብኛል? ይህን ጠይቄ ተኛሁ። ስነቃ መልሱ 14 ደርሷል። በሳምንቱ ከ40 አለፈ። አሁን ክሩን የሚያገኘው ሰው ያንን ሁሉ አንብቦ አይጨርስም፤ መሃል ላይ ደግሞ ስድብ አለበት። ስለዚህ እኔው ልተርከው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

1ኛዋ መልስ ሰጪ በጣም ትሁት ነበረች። እህቴ ብላ ጀምራ እንዳልጨነቅ አጽናናችኝ። እሷ አምስት ዓመት ሙሉ ስትሠራ ኖራለች፤ ሁልጊዜም ዓይኗ ያለቅሳል፤ ሽንኩርት የመላጥ ያህል ነው የምትቆጥረው። 2ኛዋ ተስማማች። ፀጉር ቤቷ ውስጥ ሁሉም ሰው መሀረብ ይዞ እንደሚቀመጥ ጨመረች። ይህን እንደ ማጽናኛ መጻፏ እስካሁን ይገርመኛል። 3ኛው ሰውዬ ስለ ሽታ መደናገጥ አይገባም ባይ ነው። መጥፎ የሚሸት ሁሉ አይገድልም፤ የሚገድል ሁሉም አይሸትም አለ። ግማሹ እውነት ነው። ግን እኔ የጠየቅኩት ስለ ሽታ ሳይሆን ስላስለቀሰኝ ነገር ነበር።

4ኛው መልስ ላይ ነገሩ መስመር ያዘ። ጸሐፊው ኬሚስት መሆኑን ተናግሮ ረጋ ብሎ አስረዳ። ፎርማልዲሃይድ በተለመደው የክፍል ሙቀት ጋዝ ነው፤ የሚፈላው ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ላይ ነው። ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ከውሃው ጋር ተጣምሮ ሜቲሊን ግላይኮል የሚባል ነገር ይሆናል። አስከሬን እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፎርማሊን ይኸው ውህድ ነው። አንዳንድ አምራቾች በዚህ የስም ለውጥ ይጠቀማሉ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሜቲሊን ግላይኮል እንጂ ፎርማልዲሃይድ አይደለም ብለው ነጻ የሚለውን ይለጥፋሉ። ፔስትራው 230 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ፀጉሩን ሲነካው ውሃው ይተንና ጋዙ ይለቀቃል። እኔ ላይ የሆነው ይኸው እንደሚመስለው ጻፈ።

ለምን ፀጉር ላይ እንደሚደረግም ነገረን። ሬሳን ከመበስበስ የሚያቆመውና ፀጉርን ቀጥ አድርጎ የሚያቆየው ሥራ አንድ ነው፤ ፕሮቲንን ከፕሮቲን ጋር ማሰር። ይህን ካነበብኩ በኋላ ፀጉሬን ለመንካት ሁለት ቀን ፈርቻለሁ።

5ኛዋ ትንሽ ተናደደች። እሷ የምትሠራው ኬራቲን መሆኑን፣ ኬራቲን ደግሞ የፀጉርም የጥፍርም ፕሮቲን እንጂ መርዝ አለመሆኑን አስረግጣ ጻፈች። ኬሚስቱ ተመልሶ መጣና ልክ ናት አለ። ኬራቲኑ ማንንም አልጎዳም። ችግሩ ለሥራው የወጣለት ስም ነው። ስሙ የምስኪኑን ፕሮቲን ያነሳል፤ አሳሪውን ግን አይጠራም።

ከሁሉም 6ኛውን መልስ አልረሳውም። የጻፈችው ፀጉር ሠሪ ናት፤ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። አጻጻፏ የተቆራረጠ ነው፤ በሥራ መሃል በስልክ እንደጻፈችው ያስታውቃል። ደንበኛ ሁለት ሰዓት ተቀምጣ እንደምትሄድ፣ እሷ ግን በዓል ሲቃረብ በቀን ሦስትና አራት ፀጉር እንደምትሠራ ነገረችን። ማታ ዓይኗ ይቀላል። አፍንጫዋ ይደማል። ራስ ምታቷን ለብዙ ጊዜ የድካም ነው ስትል ኖራለች። የነቃችው በእረፍት ቀኗ ነው፤ በእረፍቷ ቀን ራሷን አሟት አያውቅም።

ስለ ማራገቢያውም ጻፈች። ደንበኛዋ ጭሱ ሲያስቸግራት ማራገቢያውን ወደ ፊቷ ታዞርላታለች። ደንበኛዋ ተመስገን ትላለች። ጭሱ ግን የትም አልሄደም፤ ወደ ፀጉር ሠሪዋ ፊት ነው የዞረው። ቀጥላ የጻፈችው ደግሞ አንጀቴን በላው። ጠርሙሶቹን በስማቸው ሳይሆን በሳሏ ነው የምትለያቸው። በጣም የሚያስላት ፀጉር ላይ በጣም የሚቆየው ነው፤ ደንበኞች ደግሞ የሚጠይቁት እሱን ነው።

ከዚህ በኋላ ክሩ ተንጋደደ። ከ7 እስከ 10 ያሉት ኬራቲንንና ሪላክሰርን (ተቀብቶ ፀጉር የሚያለሰልሰውን ክሬም) ደባልቀው ይከራከሩ ነበር። 7ኛዋ ሪላክሰር ጭስ ስለሌለው እሱ ይሻላል አለች። 8ኛዋ በልብ ምልክት ደገፈቻት። 9ኛው ቆጣ ብሎ መጣ። ብዙው ሪላክሰር ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ማለትም ኮስቲክ ሶዳ መሆኑን፣ የተዘጋ ቱቦ ለመክፈት የሚፈሰውም እሱ መሆኑን አሳወቀን። 10ኛዋ ኮስቲክ ሶዳ የሌለበት ሪላክሰር መኖሩን ጠቅሳ ልታርመው ሞከረች። ኬሚስቱ ሁለቱንም አስታረቀ። ሶዳ የሌለበት የሚባለው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድን ከጓኒዲን ካርቦኔት ጋር ቀላቅሎ ነው የሚሠራው። ያም ቢሆን ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው) ከ12 በላይ ነው፤ ቆዳ ያቃጥላል። ሁለቱም ዓይነት ሪላክሰሮች የፀጉሩን የውስጥ ማሰሪያ በጥሰው ነው ቀጥ የሚያደርጉት። ከኬራቲኑ የሚለዩት ጉዳቱ በሚገባበት በር ነው። ሪላክሰር በራስ ቆዳ ይገባል፤ የኬራቲኑ ጭስ በአፍንጫ።

11ኛዋ እናት ናት። የስድስት ዓመት ልጇን ለሰርግ ብላ ሪላክሰር ቀብታታለች። ልጅቷ ያቃጥለኛል ስትል ትንሽ ቻይ እያለች አቆየቻት። በማግስቱ ከጆሮዋ በላይ የቁስል ቅርፊት አገኘች። እዚያ ቦታ ላይ ፀጉሩ ዛሬም ሳሳ ብሏል። ማንም አልወቀሳትም፤ እሷ ራሷን ስለወቀሰች ይመስለኛል። አንዲት ብቻ፣ ከመቀባቱ በፊት ባለው ቀን ራስን ማከክም ሆነ መታጠብ ቃጠሎውን እንደሚያብሰው ጨመረች። ቆዳው ሲጫጫር መድኃኒቱ በጭረቱ በኩል ይገባል። ሁላችንም ግን ፀጉር ቤት ከመሄዳችን በፊት ማታውን አክከን፣ አጥበን፣ ንጹህ ሆነን ነው የምንሄደው!

12ኛው ወንድም ነው። እዚህ ዓይነት ክር ውስጥ አንድ አይጠፋም። ሴቶች እግዜር በሰጣቸው ፀጉር ቢኖሩ ይህ ሁሉ ጣጣ እንደማይመጣ፣ ሉጫ መሆን የውጭ አምልኮ እንደሆነ በረጅሙ ሰበከ። 13ኛዋ አልማረችውም። ከርዳዳ ፀጉር ይዛ ሥራ ስትፈልግ ፀጉርሽን አስተካክለሽ ነይ የተባለችው እሷ መሆኗን፣ እሱ አለመሆኑን ነገረችው። ፀጉሯን ማለስለስ የጀመረችው ለውበት ሳይሆን ለእንጀራ ነው። 14ኛው ሊያስታርቅ ገባ። 15ኛውን አስተባባሪው ስላጠፋው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ 16ኛዋ ግን በንዴት ስትመልስለት ስለ እናቱ የተነሳ ነገር እንዳለ ገባኝ። ሁለት ገጽ በዚህ ሄደ። እኔ ከ13ኛዋ ጋር ነኝ። ሰው ፀጉሩን ቀጥ ማድረጉ የሰው ጉዳይ ነው። ቀጥ ያደረገው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ደግሞ መብቱ ነው።

በ17ኛው መልስ ካንሰር ተነሳ። አንዲት ሴት በ2022 በአሜሪካ የወጣውን ጥናት አስታውሳ፣ ፀጉር የሚያለሰልሱ ሴቶች አራት እጥፍ የማህፀን ካንሰር ይይዛቸዋል ብላ ጻፈች። 18ኛዋ እያለቀሰች መለሰች፤ ከ15 ዓመቷ ጀምሮ ሪላክሰር ትጠቀማለች። ኑዛዜ ልትጽፍ ምንም አልቀራት።

19ኛዋ ነርስ ናት። በትዕግሥት ቁጥሩን አስተካከለች። ጥናቱ 33,497 ሴቶችን ወደ 11 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከታትሏል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ 378 የማህፀን ካንሰር ተገኘ። ማለስለሻ ተጠቅመው ከማያውቁት ውስጥ እስከ 70 ዓመታቸው በዚህ ካንሰር የሚያዙት 1.64 በመቶ እንደሚሆኑ ተገመተ። በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ የሚጠቀሙት ላይ ግን 4.05 በመቶ ነው። 17ኛዋ ያየችው ይህንን አራት ነው። አራት እጥፍ ሳይሆን አራት በመቶ። ጭማሪው ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ይሆናል። ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ ግን ከመቶ 96ቱ አይያዙም።

ሌላም ነገር አነሳች። ጥናቱ ሴቶቹን የትኛውን ምርት ይጠቀሙ እንደነበር አልጠየቀም። ስለዚህ ጥፋቱ የሪላክሰሩ ይሁን የኬራቲኑ ከዚህ ቁጥር መለየት አይቻልም። አብሮ መታየትና ማምጣትም ይለያያል። ለብቻው የቆመው እውነት ሌላ ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ፎርማልዲሃይድን በ2004 በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ብሎ ከመደበው መጀመሪያ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። መነሻው በሥራ ቦታቸው ለዓመታት ሲተነፍሱት የኖሩ ሰዎች ናቸው። ነርሷ እዚህ ላይ 6ኛዋን በቁጥሯ ጠርታ፣ ከኛ ሁሉ ይልቅ ይህ የሚመለከተው እሷን እንደሆነ ነገረቻት። 17ኛዋ ስህተቷን አምና ይቅርታ ጠየቀች። በዚህ ክር ውስጥ ተሳስቻለሁ ያለችው እሷ ብቻ ናት።

20ኛው ነጋዴ ነው። ስለ ሳሉ አንዲት ቃል ሳይናገር፣ የምስራች ብሎ መጣ። አሁን በግላይኦክሲሊክ አሲድ የሚሠራ አዲስ ማለስለሻ መኖሩን፣ ፎርማልዲሃይድ በውስጡ ፈጽሞ እንደሌለ፣ የፈለገ በውስጥ መስመር እንዲጽፍለት አስተዋወቀ። ሦስት ሰዎች ወዲያው ዋጋ ጠየቁ። እውነቱን ለመናገር አራተኛዋ እኔ ልሆን ነበር።

ነርሷ ቀደመችኝ። በ2024 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ የአንዲት ወጣት ሴት ታሪክ ነገረችን። ሴትየዋ ሦስት ጊዜ ፀጉሯን አለሰለሰች፤ በ2020፣ በ2021 እና በ2022። ሦስቱንም ጊዜ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የጀርባ ሕመም ያዛት። ሦስቱንም ጊዜ ኩላሊቷ ተጎድቶ ተገኘ። ሲሠራላት የራስ ቆዳዋን ያቃጥላት ነበር፤ ቁስልም ወጥቶባታል። የተቀባችው ክሬም ግላይኦክሲሊክ አሲድ ያለበት ነው። ሐኪሞቹ ክሬሙን በአይጦች ጀርባ ላይ ቀብተው ሲያዩ የአይጦቹ ኩላሊት ውስጥ የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች ተከማቹ። አሲዱ በቆዳ ይገባል፤ ሰውነት ወደ ኦክሳሌት ይለውጠዋል፤ ኦክሳሌቱ ካልሲየም ይዞ ኩላሊት ውስጥ ይደነድናል። አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር የሚሠራውም ከዚሁ ነገር ነው። የዚያች ሴት ኩላሊት ተመልሶላታል። ነርሷ የእስራኤል ሐኪሞች ያቀረቧቸውን ሌሎች 26 ታማሚዎችም ጠቅሳለች፤ እነሱም ፀጉር ካለሰለሱ በኋላ ኩላሊታቸው የተጎዳ ናቸው።

ነጋዴው ሰዎቹ ሌላ በሽታ ይኖርባቸዋል ብሎ ለመከራከር ሞከረ። ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ሕመም፣ ሦስቱም ፀጉር በተሠራችበት ዕለት መሆኑን ስታስታውሰው ዝም አለ። ማስታወቂያውን ግን አላነሳውም።

23ኛዋ ፀጉር የሚያሳድግ ቅባት የምታውቁ ብላ ጠየቀች። ማንም አልመለሰላትም።

27ኛው ሰው ብዙዎቻችን በልባችን የያዝነውን አወጣው። አደገኛ ቢሆን መንግሥታት አይከለክሉትም ነበር ወይ? ይህን የመለሰው ኬሚስቱ ነው፤ ታሪኩ ረጅም ነው። በ2010 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ፀጉር ሠሪዎች ዓይናቸውንና አፍንጫቸውን አሟቸው አመለከቱ። የግዛቱ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት አንድ ታዋቂ ማለስለሻ ወስዶ መረመረ። ጠርሙሱ ከፎርማልዲሃይድ ነጻ ይላል። የተገኘው ከ6.8 እስከ 11.8 በመቶ ፎርማልዲሃይድ ነው። በ2011 የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለአምራቹ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈ። በ2023 ፎርማልዲሃይድ ያለባቸውን ማለስለሻዎች ለማገድ ማሰቡን አሳወቀ። ከዚያ ቀኑ ደጋግሞ ተገፋ። አውሮፓ ህብረት ቀድሞ ለማቆያነት እስከ 0.2 በመቶ ድረስ ይፈቅድ ነበር፤ ከ2019 ጀምሮ በመዋቢያ ውስጥ ጨርሶ ከልክሎታል። ሌላ ሰው ካልኩሌተር አውጥቶ ዝቅተኛው 6.8 በመቶ እንኳ የዚያ የድሮ ጣሪያ 34 እጥፍ መሆኑን ቆጠረልን።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ነው። ያመለከቱት እነማን ናቸው? ሠሪዎቹ። ጠርሙሱን የከፈተ፣ የሳለ፣ ስልክ አንስቶ የነገረ ሠራተኛ ባይኖር ኖሮ መለያው እንደተለጠፈ ይቀር ነበር። 27ኛው አመስግኖ ወጣ። 28ኛው ግን ይህ ሁሉ የፋብሪካዎች የገበያ ሽኩቻ ነው ብሎ አንድ ገጽ ጻፈ፤ አላነበብኩትም።

29ኛዋ ነፍሰ ጡር ናት፤ አራተኛ ወሯ ነው። ለክርስትና መድረስ ትፈልጋለች። ሁሉም በአንድ ድምፅ እንዳትሠሪ አላት። ነርሷ ወደ ሐኪሟ እንድትሄድ ነገረቻት፤ እስከዚያው ፔስትራው ጭስ በሚያወጣበት ክፍል ውስጥ አጃቢ ሆናም ቢሆን እንዳትቀመጥ። አጃቢ የሚለው ቃል ብዙዎቻችንን አስደነገጠን። ስንቶቻችን ነን ልጅ ታቅፈን ተራ የጠበቅነው?

31ኛው ለ6ኛዋ ማስክ አድርጊ ብሎ መከራት። በቅንነት ነው። 32ኛው አረመው፤ ተራው የአፍ ጭምብል አቧራና ምራቅ ይይዛል እንጂ ጋዝ አይይዝም። ለጋዝ የተሠራ ካርትሬጅ (ማጣሪያ) ያለው የፊት መከላከያ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት ግን ጭሱን ከምንጩ ስቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ መሳቢያ ይቀድማል። መስኮት መክፈት ከምንም ይሻላል፤ ማራገቢያ ግን ያዞረዋል እንጂ አያወጣውም። በአሜሪካ የሥራ ቦታ ሕግ በስምንት ሰዓት ሥራ ውስጥ በአማካይ የሚፈቀደው ፎርማልዲሃይድ በሚሊዮን የአየር እጅ 0.75 እጅ ነው፤ ለ15 ደቂቃ ደግሞ 2 እጅ። ምርቱ ውስጥ ከ0.1 በመቶ በላይ ካለ አምራቹ ከምርቱ ጋር በሚሰጠው የደህንነት መረጃ ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት። ይህች ወረቀት በኋላ ትመለሳለች።

ከዚያ 33ኛው መጣ። ፀጉር ቤት አለው። አንቺ ብሎ ጀመረኝ፤ አክብሮት የለም፣ ሰላምታ የለም። በአንድ ቀን ዓይን ማልቀስ የስንቱን ሰው እንጀራ ልዘጋ እንደተነሳሁ፣ ካልተስማማኝ ቤቴ እንድቀመጥ ነገረኝ። እኔም አልቻልኩም። 34ኛው የኔ ነው፤ ዛሬ ሳነበው አፍራለሁ። ስለ ሰውዬው ንግድ ምንም ሳላውቅ ሠራተኞቹን እየገደለ የሚበላ አስመስዬ ጻፍኩ።

የታደገችን 6ኛዋ ናት። 35ኛው ላይ ተመልሳ ሁለታችንንም ገሠጸች። እሱን፣ የሚጠፋው እንጀራ የሷ እንጂ የሱ እንዳልሆነ፣ ዝም ብትል ደግሞ የሚጠፋው ሳንባዋ መሆኑን ነገረችው። እኔን ደግሞ፣ ደንበኛ ጭስ የሌለውን ስጡኝ ብላ ብትጠይቅ ባለቤቱ በማግስቱ እንደሚያመጣው፣ ሠራተኛ ስትጠይቅ ግን ሌላ ሠራተኛ እንደሚመጣ አስረዳችኝ። ሰውዬው መልስ አልሰጠም። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ወረቀት የተባለው ከየት እንደሚገኝ በትሁት ቋንቋ ጠየቀ። እርስዎ ሁሉ አለ።

38ኛዋ ከተሠራች በሦስተኛው ቀን ቤቷ ፔስትራ ስታደርግ እንደገና እንደሰነፈጣት ጻፈች። እኔም ላይ ሆኗል፤ የሻምፑ ሽታ መስሎኝ ነበር። ኬሚስቱ አልተገረመም። ፀጉሩ ላይ የቀረው ሙቀት ባገኘ ቁጥር ይለቃል። ሦስት ቀን አትታጠቢ የሚባለው ደግሞ ፀጉሩ ላይ የተቀባው እንዳለ እንዲቆይ ነው።

ጠርሙሱ ላይ ምን እንፈልግ ለሚለው፣ ከኬሚስቱ መልስ ያወጣሁት ይህ ነው። የፊቱን ጽሑፍ መተው። ጀርባውን አዙሮ ፎርማሊን፣ ሜቲሊን ግላይኮል፣ ሜታናል፣ ሜታንዲዮል፣ ፎርሚክ አልዲሃይድ የሚሉትን መፈለግ፤ ሁሉም የአንዱ ሰው ስሞች ናቸው። ከነሱ ቀጥሎ ግላይኦክሲሊክ አሲድ። ጀርባው ላይ ምንም ካልተጻፈ፣ ወይም በላዩ ሌላ ወረቀት ከተለጠፈ፣ እሱም ራሱ መልስ ነው።

እኔ በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ልሠራ አይደለም። ጠርሙሱን ላየው እችላለሁ ወይ አልኩ። ፀጉር ሠሪዋ ትንሽ ደንግጣ አቀበለችኝ። ጀርባው በቅባት ወዝቷል። የንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ላይ የአስመጪው ወረቀት ተለጥፎበታል። በጥፍሬ ጫፉን ላጥ ላጥ አደረግኩት፤ ከሥሩ ሜቲሊ የሚል ድረስ ተነበበ፤ ቀሪው ከወረቀቱ ጋር ተቀደደ። ያቺ ረዳት ከኋላዬ ቆማ ታይ ነበር። ምን ይላል አለችኝ። ነገርኳት። ሌላ ምንም አላለችም፤ ሄዳ መስኮቱን ከፈተች።

ይህን 40ኛ አድርጌ ለጠፍኩ። 23ኛዋ ከሥሩ ቅባቱን እንደገና ጠየቀች።

41ኛው የ6ኛዋ ነው፤ ክሩ እስካሁን የቆመውም እዚህ ላይ ነው። የሷን ጠርሙስ ለሚያቀርበው ሰው ደውላ የደህንነት መረጃ ወረቀቱን እንዲልክላት ጠየቀችው። ምን ዓይነት ወረቀት አላት። አስረዳችው። እሺ ብሎ በስልክ ፎቶ ላከላት። ስትከፍተው የጠርሙሱ ፊት ነው፤ ከፎርማልዲሃይድ ነጻ የሚለው። ጀርባውን ላክልኝ አለችው። አንብቦታል፤ አልመለሰም።